ስፖርት ሲባል እምቢ፣ ጊዮርጊስ ሲባል እሺ፦ የአንድ የባህርዳር ቤተሰብ የኮሮና ዓመት

ይሄ የራሴ ቤት ጉዳይ ነው። የምወስደው ከመጋቢት 4፣ 2012 እስከ መጋቢት 4፣ 2013 ያለውን አንድ ዓመት ነው። መነሻው ያ ከቡርኪናፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ አዲስ አበባ ላይ ኮሮና የተገኘበት ቀን ሲሆን መጨረሻው ደግሞ ክትባቱ እዚሁ አገር መሰጠት የጀመረበት፤ ልክ በዓመቱ መግጠሙን እኔም ያየሁት ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ነው። ማስታወሻ ስል የአባባን ስኳር የምመዘግብበት የልጄ አሮጌ ደብተር ማለቴ ነው፣ ግማሹ የሒሳብ የቤት ሥራ ነው።

ሽምብጥ አንድ ግቢ ውስጥ ሰባት ነን። አባባ ያኔ 68 ዓመታቸው፣ እማ 60፣ እኔና ባለቤቴ፣ 14 ዓመት የሞላው ወንድ ልጃችን፣ የ9 ዓመቷ ሴት ልጃችን፣ እና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ሻንጣውን ይዞ ከች ያለው ታናሽ ወንድሜ። አባባ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በፊኒክስ ሳይክል ሥራ የተመላለሱ ሰው። ስኳር ካገኛቸው ያኔ 11 ዓመት ሆኖ ነበር፣ ግፊትም አለ፣ ሜትፎርሚንና ዳኦኒል ይወስዳሉ (ይቺን ዳኦኒል ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች)።

ከኮሮና በፊት የአባባ ቀን እንዲህ ነበር፦ ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከዘራቸውን ይዘው በእግራቸው ጊዮርጊስ ይሄዳሉ፣ ኪዳን አድርሰው ከጓደኞቻቸው ጋር ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፣ አገሩን ሁሉ አምተው ዳቦ ይዘው ይመለሳሉ። በሳቸው እርምጃ መሄጃው ብቻ 35 ደቂቃ ነው። ማናችንም «አባባ ስፖርት ይሠራሉ» ብለን አናውቅም፣ እሳቸውም እንደዛ አስበውት አያውቁም። እማ ደግሞ ገበያ ነች፣ እድር ነች፣ ጎረቤት ቡና ነች። የእማን ነገር እዚህ ጋር በአንድ መስመር ማለፌን ልብ በሉልኝ፣ ዓመቱን ሙሉም እንደዚሁ ነው ያለፍናት።

መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 22 ክልሉ ባህርዳርን ከእንጅባራ፣ ከአዲስ ቅዳምና ከጥሊሊ ጋር ለ14 ቀን ዘጋት፣ ሳምንት እንዳለፈ ደግሞ የአገሩ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፣ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ፣ ቤተክርስቲያንም ያው። አባባ ሬድዮ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። በቃ ቁጭ አሉ። ጠዋት ቁጭ፣ ከሰዓት ቁጭ፣ ማታ ያኔ የጤና ሚኒስትር የነበሩትን የዶክተር ሊያን የዕለት ሪፖርት ሰምተው «ዛሬ ስንት ሰው መረመሩ?» ብለው ይተኛሉ። ጓደኞቻቸው ጋር ሲደውሉ እንኳ መጀመሪያ የሚያናግራቸው ያ የቴሌ የኮሮና ማስጠንቀቂያ ስለሆነ «ኤጭ» ብለው መደወሉንም ተዉት። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ሆነ፣ 55 ቀን የተጾመው በአንድ ሳምንት ተካካሰ፣ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ በባዶ ሆዳቸው ስለካቸው 231 አለ። ከኮሮና በፊት 140ዎቹ ውስጥ ነበሩ።

ያልሠሩት ነገሮች

ደንግጠን «ስፖርት!» አልን። ወንድሜ ዩቲዩብ ከፍቶ ግቢው መሀል ቁጭ ብድግ ማሠራት ጀመረ፣ ልጆቹ ተሰለፉ፣ እኔም ተሰለፍኩ፣ አባባ ሁለት ቀን በርጩማቸው ላይ ሆነው ሲስቁብን ቆዩና በሦስተኛው ቀን «እኔ ምልምል ወታደር ነኝ?» ብለው ገቡ። ከዛ እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ቱታ ገዛሁላቸው፣ ሰማያዊ፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለው። ቱታዋ እስካሁን ፌስታሏ ውስጥ አለች። «በዚህ ዕድሜዬ በቱታ ሰው ፊት ልቁም?» ነው ያሉት፣ ሲያስቡት እውነታቸውን ነው፣ ሽምብጥ ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ በነጠላ ነው የሚያውቃቸው።

ሦስተኛው ደግሞ ስቴፕ መቁጠሪያው ነበር፣ ስልካቸው ላይ ጫንኩና «በቀን 10,000 እርምጃ» አልኳቸው። (በነገራችን ላይ ይቺ 10,000 የምትባለው ቁጥር መነሻዋ የሕክምና ጥናት አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1965 ጃፓን ውስጥ የእርምጃ መቁጠሪያ መሸጫ ስም ሆና የወጣች ናት፣ እኔም ይሄን ያወቅሁት ሽማግሌ አስጨንቄ ከጨረስኩ በኋላ ነው።) አባባ ስልኩን ለልጄ ሰጧት፣ ልጄ ግቢ ለግቢ እየሮጠች 6,000 አስገባችላቸው፣ ማታ ላይ «ይኸው ሠራሁ» ብለው አሳዩኝ።

ሚያዝያ 23

ሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ ዓመታዊ ንግሥ ነው። አባባ ከታቦቱ ቀርተው አያውቁም። በዋዜማው እራት አልበሉም፣ ተቆጡ እንዳይባል አልተቆጡም፣ ዝም ብቻ። ትንሿ ልጄ አጠገባቸው ተቀምጣ እግራቸውን እየነካካች «አባባ፣ ካልተፈቀደ ደጁን ብቻ ስመን አንመለስም? በሌሊት ማንም ሳይኖር» አለቻቸው። ማንም መልስ አልሰጣትም። ሌሊት 11 ሰዓት ግን የግቢው በር ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ወጥቼ ሳይ ነጠላ፣ ከዘራ፣ ጭምብል፣ ከጎናቸው ደግሞ ሹራብ በፒጃማ ላይ የደረበች ልጅ። ተከትያቸው ሄድኩ። ጊዮርጊስ ደርሰው የአጥሩን በር በግንባራቸው ነክተው ቆሙ፣ ከልካይም አልነበረም፣ አራት አምስት ሰው ተራርቆ ቆሟል፣ ከውስጥ የቄሶቹ ድምፅ ይሰማል። ከዛ ተመለስን። መንገድ ላይ «እንትናዬ፣ ነገም ትቀሰቅሺኛለሽ?» አሏት።

ነገሩ ሁሉ የተቀየረው እዚህ ጋር ነው። በየቀኑ ሆነ። ስፖርት የሚለውን ቃል ከቤታችን አወጣነው፣ ወንድሜ ሊናገር ሲል ባለቤቴ በዓይኗ ትቆጣዋለች። መሳለም ነው የሚባለው። ሲሄዱ 35፣ ሲመለሱ በሐይቁ ዳር ስለሚዞሩ 50 ደቂቃ ገደማ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ብትሉት ከየትኛውም ጂም ይበልጣል። ሐኪም ቢያዘው አንድ ሳምንት አይሞላም ነበር።

ሐይቁ ዳር ልጄ የራሷን ሥራ አገኘች። ውሃው አጠገብ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ግንቦት ላይ ደረቅ ነበር፣ ላዩ ላይ ቆማ ደንገል ትቆርጣለች። «ውሃው መቼ ይደርስበታል?» ብላ አባባን ጠየቀች፣ እሳቸው «ዓባይ አፉ የሚሞላው ክረምቱ ካለፈ ነው፣ ሰኔን ተይው፣ ገና አፈሩ ይጠጣል» አሏት። በኖራ መስመር አደረገች። ከዛ በኋላ የጠዋቱ መንገድ ድንጋይ ለማየትም ሆነ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ውሃው እግሩን ነካ፣ መስከረም ላይ ድንጋዩ ጠፋ፣ የዛን ቀን እየሮጠች መጥታ ስትነግረኝ ሰው የሞተ ነበር የመሰለኝ። አንድ ያላየሁት ጉድ ግን አባባ ማውራታቸው ነው። አርባ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ያልሰማሁትን ለሷ ነግረዋታል፦ ፋብሪካው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ እንደተሠራ፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ምን እንደገዙበት፣ ሳይክል የለመዱት በሰው ሳይክል ሰርቀው እንደሆነ። የመጨረሻውን «ለአባትሽ አትንገሪ» ብለዋት ነበር።

ትልቁ ልጅ ግን ከአልጋው አይነሳም፣ ሌሊቱን በስልክ ነዋ የሚያነጋው። እሱን ያስወጣው እኔ አይደለሁም፣ ምክርም አይደለም። ሰኔ 23 ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ። በአራተኛው ቀን ጠዋት «የት ነው የምትሄዱት?» ብሎ ጫማውን እየፈለገ መጣ። ዳታው ሲመለስ ይቀራል ብዬ ነበር፣ ግማሽ በግማሽ ቀረ፣ ግን ጉማሬ ስላየ እሁድ እሁድ አይቀርም ነበር። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ በማለዳ ጉማሬ ዳር ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ልጅ ይዞ በጨለማ ሣር ውስጥ መግባት የለም፣ አስፋልቱን ነው መያዝ፤ ይሄን የምለው አንዳንድ ሰው ለሰልፊ ሲጠጋ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

የዳኦኒሏ ቀን

ጥሩ ጥሩውን ብቻ አላወራም። ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ፣ ነሐሴ መጀመሪያ፣ ልጄን ጉንፋን ስለያዛት ወንድሜ አብሯቸው ሄደ። ወንድሜ ያው ስፖርት አለቀቀውም፣ ጊዮርጊስ ከተሳለሙ በኋላ «አባባ ዛሬማ እስከ ዓባይ ድልድይ እንሂድ፣ ይችላሉኮ» አላቸው፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ስለነበር ሄዱ። እኔ በሳይክል ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስለነበር ደረስኩባቸው። ድልድዩ ላይ አባባ ብረቱን ይዘው ቆመዋል፣ ከሥር ዓባይ ደፍርሶ ይሄዳል፣ ከላይ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ግንባራቸው ላይ ላብ እንደ ውሃ። በዛ ብርድ። «አባባ ምን ሆኑ?» ስላቸው የእናታቸውን ስም ጠሩልኝ።

ሰው ቆመ፣ ግን ራቅ ብሎ። አንዱ «ኮሮና ነው እንዳትጠጉ» ሲል ሰማሁት። ባጃጅ አስቆምኩ፣ አይቶን ነዳው፣ ሁለተኛውም። አልፈርድም፣ እኔስ ብሆን፣ ግን ያን ሰዓት ልቤ ውስጥ የነበረውን እዚህ አልጽፍም። ድልድዩ ጫፍ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ናት ፔርሙሷን ትታ የመጣችው። ላቡን አየችና «ስኳር አለባቸው እንዴ?» አለች። አዎ ስላት ሌላ አልጠየቀችም፣ በሻይ ብርጭቆ ውሃ ላይ አራት ማንኪያ ሙሉ ስኳር ገልብጣ በጥብጣ ጭምብላቸውን ራሷ ዝቅ አድርጋ አጠጣቻቸው፣ ቀስ እያለች፣ እንዳይተናነቁ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ አባባ ቀና ብለው «ዛሬኮ ጾም ነው፣ ሰዓቱ አልደረሰም» አሏት። «እኔ ነኝ ያስገደፍኩዎት፣ በኔ ይሁን» አለቻቸው። ብር አልቀበል አለችኝ። በኋላ አባባ ራሳቸው በየወሩ በ23 አንድ ኪሎ ስኳር ይዘውላት መሄድ ጀመሩ፣ እንግዲህ የልባቸውን ያውቃሉ።

ምን ነበር የሆነው? ጾም ነው፣ ሆዳቸው ባዶ ነው፣ ዳኦኒሏን ግን እንደ ወትሮው ጠዋት ውጠዋታል። ሜትፎርሚን ለብቻው ስኳርን እምብዛም ከልክ በታች አያወርድም፣ ዳኦኒል (ግሊቤንክላማይድ የሚባለው) ግን ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ኢንሱሊን አውጣ አውጣ እያለ ስለሚገፋው ሰው በልቶም ሳይበላም ስኳሩን ያወርዳል፣ በዛ ላይ ረጅም መንገድ ሲጨመር ጡንቻው የቀረችውን ይወስዳታል። ጥፋቱ የማን ነው ካላችሁ የኔ ነው፣ መድኃኒቱን የምሰጥ እኔ፣ ጾሙን የማውቅ እኔ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያላሰብኩ እኔ። ሐኪማቸው ጋር ሄደን ያቺ ክኒን ከምግብ ጋር እንጂ በባዶ ሆድ እንዳትወሰድ ተባለ፣ መጠኗም ተቀነሰ። ጾሙን ግን ሐኪሙ ሲላቸው አልሰሙም፣ የነፍስ አባታቸው በስልክ «የታመመ እንዲበላ ሥርዓቱ ይፈቅዳል፣ ከጥሉላት ብቻ ይከልከሉ» ሲሏቸው ነው እሺ ያሉት። ከዛ ቀን ጀምሮ አብሮ የሚሄደው ሰው ኪስ ውስጥ ከረሜላ አለ፣ ልጄ ትበላዋለች ብለን ቆጥረን ነው የምንሰጣት።

ቁጥሩ

በባዶ ሆድ ሚያዝያ አጋማሽ 231፣ ሰኔ አጋማሽ 168፣ ታኅሣሥ ላይ 132። እግር ብቻ ነው ያወረደው አልልም፣ አላምንበትምም። እዛው ወራት ውስጥ ባለቤቴ መድኃኒቱን በየቀኑ ከፋፍላ በክብሪት ቀፎ ማስቀመጥ ጀምራለች፣ ሻይ ላይ የነበረችው ሦስት ማንኪያ ስኳር ቀርታለች፣ ጓደኞቻቸው ጋር የሚቀማምሷት ነገርም ከሰዎቹ ጋር ቀርታለች። የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት አልችልም። የእንቅልፋቸውና የፊታቸው ነገር ግን ከመንገዱ ነው፣ ለዛ ስኳር መለኪያ አያስፈልገኝም።

ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤት በፈረቃ ተከፈተ፣ ልጄ በቀኗ ስትቀር አባባ ብቻቸውን መሄድ ለመዱ። ኅዳር 4 ሌሊት ጎንደርና ባህርዳር ኤርፖርት ላይ ሮኬት ሲተኮስ ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም፤ ሦስት ቀን ከግቢ አልወጡም፣ በአራተኛው ነጠላቸውን ሲያነሱ እማ «የት ነው?» ስትላቸው «ደጁን ስሜ እመጣለሁ» አሉ፣ ኮሮና ያላስቀራቸውን ሮኬት ያስቀራቸዋል ብዬም አልነበር።

እማ

ጥር ላይ እማ ከበርጩማ መነሳት አቃታት። ጉልበቷ ነው አልን፣ ብርድ ነው አልን፣ ስንወስዳት ግፊቷ 160 በ100፣ ክብደቷም ጨምሯል፣ ግፊት ኖሯት አያውቅም። ሐኪሙ «ምን ያህል ይንቀሳቀሳሉ?» አላት፣ ሳቀች። እኔ ቤት ስገባ ደብተሩን ገለበጥኩ፣ አሥር ወር የአባባ ቁጥር፣ ስለሷ አንድ መስመር የለም።

መጋቢት 2012 ላይ እኮ «እማ አንቺ እንዳትወጪ፣ ገበያ ሰው ይበዛል፣ እኛ እንገዛለን» ያልናት እኛ ነን። እድሩን ከለከልን፣ ማኅበሩን ከለከልን፣ ቡናውን ከለከልን፣ ያ ሁሉ በእግር የሚሄድ ነበር። የአባባን መንገድ ስንመልስላቸው የሷን መንገድ የመለሰላት የለም፣ ምክንያቱም የሷ ስም አልነበረውም፣ መሳለምም ስፖርትም አልተባለም፣ «ወጣ አለች» ነበር የሚባለው። በዛ ላይ ሰባት ሰው ቤት ውሎ ሦስት ጊዜ ይበላል። ኅዳር ላይ የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ብሎ ያወጣውን አንብቤላቸው ነበር፣ እማ ምጣድ ላይ ሆና «ቁሜ የዋልኩት አይቆጠርም?» ብላ ነበር፣ እኔ ጅሉ «አይ እማ፣ ልብ ምት ከፍ ማለት አለበት» ብዬ አስረዳኋት። እውነቱ እንደዛ ቢሆንም ያን ጊዜ የሚመለሰው እንደዛ አልነበረም።

«ታዲያ ከአባባ ጋር ለምን አትሄጂም?» አልኳት ከሐኪም በተመለስን ማታ።

«ቁርሱንስ? ስትመለሱ ጨጨብሳው ከሰማይ ነው እንዴ የሚወርደው?»

ባለቤቴ ቀና ብላ አላየችኝም፣ እሷም እኮ ያን ዓመት አንድ ቀን ሐይቁ ዳር አልሄደችም። አንድ ቀንም። ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ሌላ ዓመት ቢመጣ (አያምጣው) መጀመሪያ የማደርገው ቱታ መግዛት ሳይሆን ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው በእግሩ የት የት ይሄድ እንደነበር መጻፍ ነው፣ ማን በምን ሰበብ ይወጣ እንደነበር። የእማ ሰበብ ገበያ ነው፣ ለሷ «ዎክ አድርጊ» ማለት ለአባባ ቱታ እንደመስጠት ነው። ስለዚህ ከየካቲት ጀምሮ ማክሰኞና ቅዳሜ ቁርስ የኔና የትልቁ ልጄ ሆነ፣ እማ ጭምብል አድርጋ ዘንቢሏን ይዛ ሰው ሳይበዛ በማለዳ ገበያ ትሄዳለች፣ ባለቤቴ ሐሙስና እሁድን ከልጇ ጋር ድንጋይ ልታይ ትሄዳለች። የመጀመሪያው ሳምንት ፍርፍር በርበሬው አርሮ ጎረቤት ድረስ አስነጠሰ።

መጋቢት 4፣ 2013 ቅዳሜ ዋለ። ሁዳዴ ነው፣ ልጄ ሽሮ ያማስላል፣ ተጓጉሏል። ቴሌቪዥን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ለሐኪሞች ክትባቱ ሲሰጥ ያሳያሉ፣ አባባ «ነይማ እይ፣ መርፌው መጣ!» እያሉ ወደ ጓዳ ይጣራሉ። ጓዳ ማንም የለም። ስልኳ ላይ ደወልን፣ መደርደሪያው ላይ ጮኸ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዘንቢሉን በአንድ እጇ፣ ነጠላዋን በሌላ እጇ ይዛ ገባች፣ ጎመን አለ፣ ድንች አለ፣ ለማን እንደሆነ ያልተነገረ አንድ እቅፍ ቄጤማ አለ።

«የት ቆየሽ?» አሏት አባባ።

«ሰው አገኘሁ። ባጃጁ ዋጋ ጨምሯል፣ በእግሬ መጣሁ» አለችና ማማሰያውን ከልጄ እጅ ወስዳ ሽሮውን አየችው፣ ከዛ መልሳ ሰጠችው።